ከካርድ ክፍል ወደ ክሌም ጠረጴዛ፦ የአንዲት የሕክምና ኮዲንግ ጀማሪ ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን መዘገብኩ

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የግል ስፔሻሊቲ ክሊኒክ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ነው። ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይበዛብኛል፦ «ሜዲካል ቢሊንግና ኮዲንግ ልማር ወይ? እውነት ዶላር አለው?» አዎ ወይም አይ ብዬ ከምመልስ የአንዲት የሥራ ባልደረባዬን ጉዳይ ከነዝርዝሩ ላስቀምጠው። ጻፈው ብላኛለች። የእሷን፣ የክሊኒኩን፣ ያሠለጠናትን ተቋምና አሁን የቀጠራትን ድርጅት ስም ትቻለሁ።

ለማያውቅ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል። ኮደር ሐኪሙ የጻፈውን አንብቦ በሽታውንና የተሰጠውን አገልግሎት ወደ ኮድ ይቀይራል። ቢለር ደግሞ ያን ኮድ ይዞ ክሌም፣ ማለትም የክፍያ መጠየቂያ፣ ይልክና ከከፋዩ ገንዘቡን ያስመጣል። ሲከለከል ይከራከራል። አሜሪካ ውስጥ በሽታው በአይ ሲ ዲ 10 ሲ ኤም፣ የሐኪሙ አገልግሎት በሲ ፒ ቲ ይጻፋል። እኔ የማውቃቸው የአዲስ አበባ ክሊኒኮች በሲ ፒ ቲ አይከፈላቸውም። ክሊኒኩና ኢንሹራንሱ ተስማምተው የፈረሙበት የዋጋ ዝርዝር አለ፤ ሒሳቡ በእሱ ይሄዳል። ጤና ሚኒስቴር ከአይ ሲ ዲ 10 ተነስቶ ያዘጋጀው ብሔራዊ የበሽታዎች ምደባም ለሪፖርት እንጂ ለሒሳብ ማስከፈያ አይደለም። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ላይ ለውጥ ያመጣል።

መነሻዋ

ልጅቷ በኤች አይ ቲ፣ ማለትም በጤና መረጃ ቴክኒሽያንነት፣ ደረጃ 4 ጨርሳ ሲኦሲ አልፋለች። ክሊኒኩ የቀጠራት ካርድ ክፍል ነበር። ካርድ ማውጣት፣ መመዝገብ፣ የጠፋ ካርድ ማፈላለግ። ከውጭ ሲታይ ወረቀት ማቀበል ይመስላል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ካርድ የሚያገላብጥ ሰው ሳያስበው ብዙ ይማራል። የሐኪም ጽሑፍ በማንበብ ክሊኒኩ ውስጥ የሚስተካከላት አልነበረም። ፋርማሲው እንኳ ግራ ሲገባው ወደ እሷ ይደውል ነበር።

ደመወዙ ግን አያወላዳም። የቤት ኪራይ አለ፣ እናቷን ታግዛለች። እንዲህ ባለ ሰዓት ነው የቴሌግራም ማስታወቂያው የመጣው። «ከቤትዎ ሳይወጡ ለአሜሪካ ሆስፒታሎች ይሥሩ፣ በዶላር ይከፈልዎ።» ዕቁቧ በወጣላት ሰሞን ሄዳ ተመዘገበች። ገንዘቡ የብዙ ወር ደመወዟ ነበር።

ኮርሱ

ሙሉ በሙሉ ውሸት ነበር ብል አይሆንም። የሕክምና ቃላትንና የሰውነት ክፍሎችን ያስተማረቻቸው ነርስ ጥሩ አስተማሪ ነበረች። ችግሩ የኮዱ ክፍል ላይ ነው። አስተማሪው አንድም ቀን ተቀጥሮ ኮድ አላደረገም። መጽሐፉ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ያውም የቆየ።

እንዴት እንደታወቀ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ቢሮ ሄዶ ለሚታይ አዲስ ታካሚ የሚሰጡት የሲ ፒ ቲ ኮዶች ድሮ ከ99201 እስከ 99205 ነበሩ። በፈረንጆች ጥር 1 ቀን 2021 የመጀመሪያው፣ 99201፣ ተሰረዘ። የቀሩት የሚመረጡበት መንገድም ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው የሚወሰነው በሐኪሙ የውሳኔ ክብደት ወይም በዕለቱ ባጠፋው ጠቅላላ ጊዜ ነው። የእሷ ኮርስ ግን ከስረዛው ብዙ ቆይቶም 99201ን እንደ ሕያው ኮድ ያስተምር ነበር። ዩቲዩብ ላይ አንዲት አሜሪካዊት አስተማሪ «ይሄ ኮድ የለም» ስትል ሰማችና በማግስቱ ክፍል ውስጥ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ «እሱ ብዙም አይመጣም፣ እለፊው» የሚል ነው።

በመጨረሻ ባለ ወርቃማ ጠርዝ ሰርተፍኬት ተሰጣት። አሜሪካ ያለ ቀጣሪ አያውቀውም። ገንዘቤን መልሱ ብላ ብትመላለስም ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት።

የክሌም ጠረጴዛ

ነገሩ የተቀየረው በሌላ በር ነው። ክሊኒኩ ውስጥ የኢንሹራንስና የዱቤ ታካሚዎችን ሒሳብ የሚያዘጋጀው ልጅ ሥራ ለቀቀ። ቦታው ብዙ ጊዜ ለሒሳብ ሠራተኛ ነው የሚሰጠው። እሷ ዓይኗን በጨው አጥባ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባችና «ሰው እስክትቀጥሩ እኔ ልያዘው» አለች። ሰው ሳይቀጠር እሷው ቀረች።

እኔ በቅርብ ያየሁት ከዚህ ጀምሮ ያለውን ነው። ያኔ የነበረን ችግር ይሄ ነው፦ ኢንሹራንሶቹ ከምንልከው ክሌም የተወሰነውን ሳይከፍሉ ይመልሱታል። ከጎኑ አንድ መስመር ምክንያት ይጻፋል። «ከበሽታው ጋር አይገናኝም»፣ «ቅድሚያ ፈቃድ የለውም»፣ «ድጋሚ የቀረበ»። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው የተመለሰውን ፋይል አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ በዓመቱ መጨረሻ ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል። ልጅቷ ግን የመቶ ሉክ ደብተር ገዝታ እያንዳንዱን የተመለሰ ክሌም ከነምክንያቱ መጻፍ ጀመረች። ከዚያ ካርዱን ታወጣለች። ካርድ ክፍል የነበረች ስለሆነች ካርድ ማግኘት ለእሷ ችግር አይደለም።

አንዱን ላሳያችሁ። የአንድ ድርጅት ሠራተኛ ትኩሳት ይዞት መጣ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ አጣዳፊ ትኩሳት ብሎ፣ ከሥሩ «ታይፎይድ ይጣራ» ብሎ ጻፈ። የታዘዘው የደም ምርመራ፣ የታይፎይድ ምርመራ፣ ሽንት እና ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ነው። ክሌሙ ላይ በሽታው «ታይፎይድ» ተብሎ ሄደ። የኢሲጂው ሒሳብ ተመለሰ፤ ምክንያቱ «ከበሽታው ጋር አይገናኝም»። ኢንሹራንሱ ትክክል ነው። ታይፎይድና ኢሲጂ ምን አገናኛቸው?

ካርዱን ስታወጣ ሁለት ነገር አየች። አንደኛ፣ ውጤቱ ታይፎይድ አይልም። ሐኪሙ «ይጣራ» አለ እንጂ «ነው» አላለም። ሁለተኛ፣ ነርሷ የደም ግፊትና ሙቀት የምትጽፍባት ጥግ ላይ የልብ ምቱ ከፍ ብሎ ተመዝግቧል። ሐኪሙ ስለ ልብ የጻፈው ግን የለም። ካርዱን ይዛ ሄደች። እኔም ሌላ ጉዳይ ይዤ እዚያው ነበርኩ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ የዚህን ታካሚ ኢሲጂ ለምን እንዳዘዙ ካርዱ ላይ አላገኘሁትም።»

«ልቤ ይመታብኛል ብሎኝ ነበር እኮ። አልጻፍኩትም እንዴ?»

«የለም።»

እስክሪብቶውን አነሳና ከድሮው ጽሑፍ ሥር የዕለቱን ቀን ጽፎ ጨመረው፣ ፈረመ። በድሮው ቀን ሊጽፈው ሲል «በዛሬው ቀን ይሁንልኝ፣ ዶክተር» አለችው። ክሌሙ «ትኩሳት» እና «ልብ ይመታብኛል» በሚሉ ምልክቶች እንደገና ተላከ። ተከፈለ።

እዚህች ቅንጣት ጉዳይ ውስጥ የሙያው ግማሽ አለ። የአሜሪካ የኮድ አሰጣጥ መመሪያ ለተመላላሽ ታካሚ «ሳይሆን አይቀርም» ወይም «ይጣራ» የተባለ በሽታ ኮድ አይደረግም ይላል። የሚጻፈው ምልክቱ ነው። ያ ሰው አሜሪካ ቢታከም ኖሮ የታይፎይዱ ኤ 01.00 ሳይሆን የትኩሳቱ አር 50.9 እና የልብ ምቱ አር 00.2 ነበር የሚጻፍለት። ተኝቶ ለታከመ ሰው ሕጉ ይገለበጣል። ከሆስፒታል ሲወጣም «ሳይሆን አይቀርም» ከተባለ እንዳለበት ተቆጥሮ ኮድ ይሆናል። ኮርሱ ላይ ይህን በቃሏ አጥንታው ነበር። የገባት ግን የኢሲጂው ሒሳብ ሲመለስ ነው።

አጠያየቋንም ልብ በሉት። «ልቡ ይመታ ነበር ብለው ይጻፉልኝ» አላለችም። ለምን እንዳዘዙ አላገኘሁም ነው ያለችው። ኮደር ለሐኪሙ መልሱን አያቀብልም። ኢንሹራንሱ የሚወደውን በሽታ ነግሮ ማስጻፍ እርማት ሳይሆን ማጭበርበር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከፈረንጆች 1863 ጀምሮ ለመንግሥት የሐሰት ሒሳብ ማቅረብን የሚቀጣ ሕግ አለ፤ ሜዲኬር ለተባለው፣ በዋናነት ለአረጋውያን ለሚከፍለው የመንግሥት ኢንሹራንስ የሚቀርብ የሐሰት ሒሳብም በእሱ ይጠየቃል፣ ካሳው የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ይደርሳል። እኛም ቤት ፈተናው አልቀረም። አንድ ጊዜ ከበላይ «በጠቅላላ ሐኪም የታየውን ስፔሻሊስት አድርጊው፣ ማን ያያል» የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። «ካርዱ ላይ የፈረመው ጠቅላላ ሐኪሙ ነው» ብላ ዘጋችው። በዚህ ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ ተኮራርፈው ሠርተዋል።

ደብተሩ ሲሞላ ምክንያቶቹ ራሳቸውን ይደግሙ ጀመር። አብዛኛው የሚመለሰው በበሽታና በምርመራ አለመገጣጠም ነው። ቀጥሎ የቅድሚያ ፈቃድ። አሜሪካኖች ለእነዚህ ምክንያቶች ቁጥር አላቸው። «በሽታውና አገልግሎቱ አይገጥሙም» 11 ነው፣ «መረጃ ይጎድለዋል» 16፣ «ድጋሚ የቀረበ» 18፣ «ጊዜው አልፎበታል» 29። ደብተሯ ላይ ከአማርኛው ጎን እነዚህን ቁጥሮች ጻፈችባቸው። ለራሷ ልምምድ ብላ ነው። በኋላ ሥራ ያስገኘላት ይሄ ደብተር ነው።

ፈተናው

የምትፈልገው ወረቀት ኤ ኤ ፒ ሲ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር የሚሰጠው ሲ ፒ ሲ የተባለ የኮደርነት ምስክር ወረቀት ነበር። 100 ጥያቄ፣ 4 ሰዓት፣ ማለፊያው 70 በመቶ። መጽሐፍ ተገልጦ ነው የሚፈተነው። ይሄ ሲባል ብዙ ሰው ይዘናጋል። ለአንድ ጥያቄ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው የሚደርሰው። ገጹን የሚፈልግ ሰው ያልቅበታል።

ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስትቆጥብ የቆየችው በአንድ ወር ግማሽ ሆነባት። ሜሪላንድ ያለች የአክስቷ ልጅ ከፈለችላት። መጽሐፎቹም በሰው ሻንጣ መጡ። በመጀመሪያ የመጣው የሲ ፒ ቲ መጽሐፍ የባለፈው ዓመት ነበር፣ ርካሽ ስለነበረ። ፈተናው ግን በዓመቱ ኮድ ስለሆነ እንደገና ማስመጣት ግድ ሆነ።

ጥናቱን አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ከሰዓት ከሁለት ነርሶች ጋር ነው የያዘችው። ነርሶቹ በሽታውን ያውቃሉ፣ እሷ ሰነዱን ታውቃለች። ጥሩ ተዋሃዱ።

ፈተናው በኢንተርኔት ሲሆን ተፈታኙ ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ተቆጣጣሪ በካሜራ ያየዋል። እሷ ቤት ብቻ መሆን አይታሰብም፣ መብራትም አይታመንም። እሑድ ዕለት የክሊኒኩን መሰብሰቢያ አዳራሽ አስፈቅዳ ጄኔሬተር ተዘጋጅቶ ተፈተነች። በመጀመሪያው ወደቀች። ያልተነኩ ጥያቄዎች ቀርተውባት ነው ጊዜው ያለቀው። ለሁለተኛው መጽሐፉ ዳር ላይ ምልክት ለጠፈች፣ ብዙ የሚያሳስቱትን ሕጎች በእጅ ጽፋ ገጹ ላይ አሰፈረች (ይህ ይፈቀዳል)፣ ከባዱን የቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ መጨረሻ ገፋችው። አለፈች።

የዶላሩ ሥራ

እዚህ ላይ ረጅም ታሪክ የለም። ያለፈ ጀማሪ ማዕረጉ ሲ ፒ ሲ ብቻ አይደለም፤ ተለማማጅ የሚል አንድ «ኤ» ፊደል ይቀጠልበታል። ፊደሏ የምትነሳው በሥራ ልምድ ነው። ቀጣሪዎቹ ደግሞ ልምድ ያለው ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች አሜሪካ የሚኖር ብለው ይገድባሉ። ሜዲኬይድ የተባለውን ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚከፍል ፕሮግራም የሚያስተዳድሩ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የታካሚው መረጃ ከአገር እንዳይወጣ በውላቸው ይከለክላሉ። ሥራው ከአገር ሲወጣም ዘርፉን አስቀድመው የያዙት ሕንድና ፊሊፒንስ ናቸው። ደጋግማ አመለከተች። ከአብዛኞቹ መልስ እንኳ አልመጣም። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ ሆነ።

አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ለአሜሪካ ክሊኒኮች የኢንሹራንስ ሽፋን የማጣራት ሥራ ሰጥቷት ትንሽ ሞክራዋለች። ኮዲንግ አይደለም። ኒውዮርክ ጠዋት 3 ሰዓት ሲል እዚህ በክረምታቸው ማታ 11 ሰዓት ነው፣ ሥራው የሚያልቀው ሌሊት 7 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም፣ በራይድ መሄድ ደግሞ የቀኑን ክፍያ ይበላዋል። ተወችው።

ያላሰበችው መጣ። አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ለሕክምና ክሌም መርማሪነት ሰው ሲፈልግ አመለከተች። ቃለ መጠይቁ ላይ ሰርተፍኬቷን አሳየች፣ ቀጥሎ ደብተሩን። የታካሚ ስም የለበትም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በቁጥር ብቻ ነበር የምትጽፈው። የክፍሉ ኃላፊ ደብተሩን ሲያገላብጡ ራሳቸው የመለሷቸውን ክሌሞች አገኙ። ቀጠሯት። ደመወዙ ከክሊኒኩ በደንብ ይሻላል። አሁን ከእኛ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጣ የእኛን ክሌም የምትመልሰው እሷ ናት። ምሕረት የላትም።

የሠራው እና ያልሠራው

ከሁሉም በላይ የሠራው የተመለሱ ክሌሞችን መመዝገቡ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ካርድ ክፍል ያሳለፈችው ጊዜ። ብዙ ሰው ያን ክፍል እንደ ቅጣት ያየዋል፤ እኔ ግን ለዚህ ሙያ ከየትኛውም የሦስት ወር ኮርስ ይበልጣል ባይ ነኝ። የጥናት ቡድኑም ረድቷል።

ኮርሱ አልሠራም። ሲ ፒ ሲው ግማሽ ሠራ ማለት ይቻላል፦ የታሰበለትን የርቀት ሥራ አላመጣም፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከሌሎች አመልካቾች ለያት። የተለማማጅነቷ «ኤ» ዛሬም አለች። እዚህ የምትሠራው በሲ ፒ ቲ ስላልሆነ ልምዱን ለማኅበሩ አሳይቶ ማስነሳቱ ቀላል አይደለም።

ለሌላ ጀማሪ

ይህን ሙያ ከአዲስ አበባ መጀመር የሚፈልግ ሰው ኮርስ ከመክፈሉ በፊት የኢንሹራንስ ታካሚ የሚቀበል የግል ሕክምና ተቋም ውስጥ፣ በየትኛውም ቦታ ቢሆን፣ ቢገባ ይሻላል። ካርድ ክፍል፣ ካሸር፣ እንግዳ መቀበያ፣ የትም። ከዚያ ወደ ክሌም ጠረጴዛ መጠጋት። ነርስ ወይም ጤና መኮንን ከሆነ ደግሞ ኢንሹራንሶቹ ራሳቸው ይፈልጉታል።

ማሠልጠኛ መምረጥ ግድ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ። አስተማሪው የት ኮድ አድርጎ ያውቃል? መጽሐፉ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? 99201ን የሚያስተምር ከሆነ ቦርሳችሁን አንጠልጥላችሁ ውጡ። ሥራ እናስቀጥራለን የሚል ካለ ያስቀጠረውን ሰው ያገናኛችሁ።

የታካሚ መረጃ ጉዳይም እንደ ቀልድ መታየት የለበትም። የአሜሪካው ሂፓ ከፈረንጆች 1996 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፤ እኛም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶልናል። ካርድ በስልክ ፎቶ አንስቶ ለጥናት ቡድን ቴሌግራም ላይ መለጠፍ አይቻልም። አይቻለሁ፣ የሚያደርጉ አሉ።

ወጪውንም የአንድ ጊዜ አድርጋችሁ አታስቡት። የበሽታ ኮዶቹ በየዓመቱ በፈረንጆች ጥቅምት 1 ይታደሳሉ። ብዙውን ጊዜ በእኛ መስከረም 21 ላይ፣ የግሸን ማርያም ዕለት፣ ይውላል። ሲ ፒ ቲው ደግሞ ጥር 1፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ። ለምሳሌ ሳል አር 05 ብቻ ነበር፤ በፈረንጆች 2021 መከር ላይ ለአጣዳፊው፣ ለቆየውና ለሌሎቹ ተከፋፈለ። የድሮውን የያዘ ሰው ሳልን እንኳ ኮድ ማድረግ አይችልም። እሷና ሁለቱ ነርሶች ለዘንድሮው መጽሐፍ ሦስት ሆነው አዋጥተዋል። ሜሪላንድ ያለችው ዘመድ ገዝታዋለች፤ አሁን የሚጠበቀው ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ፣ ሻንጣው ቦታ ያለው ሰው ነው።